መጀመሪያ የሚሰማው ማን ነው? ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክስን በመጀመሪያ ደረጃ የማየቱ ታሪክ፣ ከአርሲ ነገሌ ሲታይ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



ንግግሬን በአንድ ምሳሌ ልጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚጓዝ የጭነት መኪና አርሲ ነገሌ ከተማ ሲደርስ መንገድ ስቶ የአንድ ነጋዴን ሱቅ አፈረሰ እንበል። ሰው አልሞተም፤ ንብረት ግን ጠፋ። ነጋዴው ካሣ ይጠይቃል። የመኪናው ባለቤት የሻሸመኔ ነዋሪ ከሆነ፣ የተጠየቀው ገንዘብ ከወረዳው ፍርድ ቤት ሥልጣን እስካላለፈ ድረስ፣ ክሱ እዚያው አርሲ ነገሌ ይሰማል። ባለቤቱ የሐዋሳ ነዋሪ ከሆነ ግን ነገሩ በሁለት ክልል ነዋሪዎች መካከል የተነሣ ክርክር ሆኖ የፌዴራል ጉዳይ ይባላል፤ ስለዚህም መጀመሪያ የሚሰማው ወረዳው ሳይሆን የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሆናል። የፈረሰው ሱቅ ያው ነው፤ ምስክሮቹም ያው ጎረቤቶች ናቸው። የተለወጠው የተከሳሹ መኖሪያ ብቻ ነው።

ሕግ የተማረ ሰው ይህን በአንድ አንቀጽ ያስረዳችኋል። እኔ የታሪክ ሰው ነኝና የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚባለውና በተፈጥሮው የሌሎችን ፍርድ ለማረም የተቋቋመ የሚመስለው አካል፣ አንዳንዱን ክስ ራሱ ከሥሩ እንዲሰማ የተደረገው ለምንድን ነው? እንዲህ ያለ መብት ወይም ግዴታ የደረሰው ለማን ነበር? የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። በአገራችን ታሪክ ይህን የወሰነው የነገሩ ክብደት ብቻ አልነበረም። በየዘመኑ መንግሥት ማንን እንደ ትልቅ ባለ ጉዳይ፣ ምንን እንደ ትልቅ ንብረት ይቆጥር እንደነበር ያሳያል። ውሳኔውም ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም የአንድ ክርክር ፍሬ ነገር በሙላት የሚሰማው በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መስማት የሚወስነው

አስቀድሜ ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ላብራራ። በ1958 ዓ.ም. በወጣውና እስከ ዛሬ በምንጠቀምበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፣ አንድን ክስ በመጀመሪያ ደረጃ የሚያይ ፍርድ ቤት ወረዳም ይሁን ከፍተኛ የሚከተለው መንገድ አንድ ዓይነት ነው። ከሳሽ የክስ ማመልከቻውን ከማስረጃ ዝርዝሩ ጋር ያቀርባል፤ ዳኝነት ይከፍላል። መጥሪያ ለተከሳሽ ይደርሳል፤ ተከሳሽም የመከላከያ መልሱን በጽሑፍ ያቀርባል። ክሱ በሚሰማበት ቀን ዳኛው ግራ ቀኙን ይጠይቃል፤ የታመነውን ከተካደው ይለያል። ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ነገሩ ቀድሞ ተፈርዶበታል፣ ክሱ በይርጋ ቀሪ ሆኗል የመሳሰለ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ካለው ዳኛው ይህን መርምሮ ብይን ይሰጥበታል። ከዚያ በኋላ ጭብጥ ይመሠረታል፤ ምስክር ይሰማል፤ ሰነድ ይመረመራል፤ ፍርድ ይሰጣል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ ወሳኙ ደረጃ ጭብጥ መያዝ ይመስለኛል። ባለ ጉዳይ ይዞት የሚመጣው ሙሉ ታሪክ ነው፤ ቂሙ፣ ዝምድናው፣ የአባቱ ቃል ሁሉ በውስጡ አለ። ዳኛው ከዚያ ታሪክ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄዎችን ነቅሶ ያወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርድ ቤቱ የሚያውቀው እነዚያን ጥያቄዎች ነው። ምስክር የሚጠየቀው በእነርሱ ላይ ነው፤ ጸሐፊው የሚመዘግበውም ይህንኑ ነው።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሚያነብበው ይህን መዝገብ ነው። በሥር ፍርድ ቤት ያልቀረበ አዲስ ማስረጃ በይግባኝ ማቅረብ በሕጉ በጠባቡ ብቻ የተፈቀደ ነው። ሰበር ችሎት ደግሞ የሚመረምረው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖር አለመኖሩን ነው፤ ምስክሩ እውነት ተናግሯል ወይስ ዋሽቷል ብሎ እንደገና አይመዝንም። ስለዚህ ምስክሩ ሲናገር ፊቱን ያየው፣ ሲያመነታ የሰማው የመጀመሪያው ዳኛ ነው።

ክስን በከፍተኛው ፍርድ ቤት መጀመር ሌላም ውጤት አለው። ከፍ ብሎ የጀመረ ሰው የሚወጣው መሰላል አጭር ነው። ወረዳ ላይ የጀመረ ክስ በይግባኝ ወደ ዞን፣ እንደ ሁኔታውም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ዞን ላይ የጀመረ አንዱን እርከን አስቀድሞ አልፎታል። ለአንዱ ወገን ይህ ጊዜና ገንዘብ ማትረፍ ነው፤ ለሌላው ስሕተት ከሚታረምባቸው ዕድሎች አንዱን ማጣት ነው።

ደረጃ ሳይኖር፦ ከዛፍ ጥላ እስከ ዙፋን ችሎት

ለብዙ ዘመን በአገራችን በመጀመሪያ ደረጃ መስማትና በይግባኝ መስማት እንደ ዛሬው በግልጽ የተለያዩ አልነበሩም። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በነበረው የሙግት ሥርዓት ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው በዳኝነት ማስቀመጥ ይችሉ ነበር። ዋስ ይጠራሉ፤ ይወራረዳሉ፤ በተጠየቅ ይሟገታሉ። አልስማማ ያሉ እንደሆነ ነገሩ ወደ ምስለኔ፣ ወደ አገረ ገዥ፣ ከዚያም በቀኝና በግራ ወንበሮች በኩል ወደ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ይወጣል። ክርክሩ በቃል ስለነበር የላይኛው ዳኛ የታችኛውን መዝገብ አንብቦ የሚያርምበት ሁኔታ እምብዛም አልነበረም፤ በአብዛኛው ባለ ጉዳዮቹን ፊቱ አቁሞ ነገሩን እንደገና ይሰማ ነበር። በሌላ አባባል በየእርከኑ ያለው መስማት ሁሉ በተወሰነ ደረጃ የመጀመሪያ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስጠታቸው ይህን ሥርዓት በአንድ ሹም ሥር ለማዋል ያለመ ነበር እንጂ መሰላሉን አላፈረሰውም።

አርሲ በዚያ ዘመን የራሱ የዳኝነት ሥርዓት ነበረው። በገዳ ሕግና በጃርሱማ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር ይሰሙ ነበር። በዚያ ሸንጎ ነገሩን የሚያውቁ ጎረቤቶች ራሳቸው ይገኛሉ፤ ሰሚና ምስክር በአንድ ሜዳ ላይ ናቸው። በ1870ዎቹ ዓ.ም. በተካሄደው ዘመቻ አርሲ በምኒልክ ግዛት ሥር ከዋለ በኋላ ግን ሌላ መሰላል ከላይ ተዘረጋ። ሽማግሌው መስማቱን አልተወም፤ መንግሥት የሚያውቀው መስማት ግን ሌላ ቦታ፣ በሌላ ቋንቋ ሆነ። ይህ ሁለትነት እስከ ዛሬ ይከተለናል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

1934፦ ለባዕድ የተከፈተ በር

ዛሬ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የምንለው ተቋም በዘመናዊ መልኩ የተወለደው ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ነው። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለተኛው ነበር። የጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤትን፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤትንና ከዚያ በታች ያሉ የጠቅላይ ግዛትና የአካባቢ ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ።

ይህ አዋጅ ብቻውን የቆመ አልነበረም። በዚያው ዓመት ከብሪታንያ ጋር የተፈረመው ስምምነት አብሮት ይነበባል። ስምምነቱ በውጭ አገር ዜጎች ላይ የሚሰጠውን ዳኝነት ለኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ይተዋል። ለዚያ ግን ዋጋ አለው። በታችኛው ፍርድ ቤት ክስ ያለበት የውጭ አገር ሰው ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠየቅ ነገሩ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተዛውሮ እንዲሰማለት መምረጥ ይችላል። በዚያም ችሎት ቢያንስ አንድ ብሪታንያዊ ወይም በሌላ አገር የዳኝነት ልምድ ያለው ዳኛ መቀመጥ አለበት።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ከጦርነቱ በፊት በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል የውጭ ዜጎችን በዳኝነት ረገድ ከተራው ባለ ጉዳይ ለይቶ ነበር። መንግሥት ያንን ልዩ መብት ለማስቀረት ብዙ ደክሟል፤ በ1934ቱ ሥርዓት ቆንስሎቹ ከዳኝነት ወንበር መነሣታቸውም ትልቅ ድል ነበር። ይሁንና ልዩነቱ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውስጥ ገባ እንጂ። አነስተኛ ዕዳ ያለበት አንድ የውጭ ነጋዴ ነገሩን በመጀመሪያ ደረጃ በአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች ፊት ማሰማት ሲችል፣ ያንኑ ያህል ዕዳ ያለበት ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ከታች መጀመር ነበረበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአጥቢያ ዳኞች አዋጅ ሲወጣ በፍትሐ ብሔር ነገር እስከ 25 ብር የሚደርሰውን ክርክር እንዲያዩና እንዲያስታርቁ ሥልጣን ሰጣቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የዘመኑ መልክ ይታየናል፤ ለገበሬው አጥቢያ ዳኛ፣ ለባዕዱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት።

1958፦ ክብደት በብር ሲለካ

በ1955 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ ቤቶች አዋጅ የጠቅላይ ግዛት ፍርድ ቤትን ከመሰላሉ አስወጥቶ ወረዳ፣ አውራጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ የሚባሉ አራት እርከኖችን አስቀረ። ሦስት ዓመት ቆይቶ የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በእያንዳንዱ እርከን ምን ክስ መጀመሪያ እንደሚሰማ በቁጥር ደነገገ። በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ላልተመሠረተ ክስ ወረዳው እስከ 500 ብር፣ አውራጃው እስከ 5,000 ብር ያያል። ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ለሆነ ክስ ወረዳው እስከ 1,000 ብር፣ አውራጃው እስከ 10,000 ብር። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በመጀመሪያ ደረጃ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው።

ከገንዘቡ ሌላ፣ መጠኑ ምንም ያህል ይሁን በቀጥታ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚሄዱ ጉዳዮችም ተዘረዘሩ፤ የማኅበራት መቋቋምና መፍረስ፣ የሚተላለፉ የንግድ ሰነዶች፣ ኪሳራ፣ የባሕር ንግድ፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የንግድ ምልክትና የፈጠራ መብት፣ ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ያለበት ኃላፊነት፣ ዜግነት፣ የአባትነትና የልጅነት ጉዳይ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘን ሰው ነጻ ለማስወጣት የሚቀርብ አቤቱታ።

ዝርዝሩን በጥሞና ብትመለከቱት ሁለት ዓይነት ነገሮችን ታገኛላችሁ። አንደኛው አዲሱ ኢኮኖሚ ነው፤ ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ የአክሲዮን ማኅበሩ። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ሲወጣ እነዚህን ነገሮች የሚያውቅ የወረዳ ዳኛ ማግኘት ከባድ ነበር። ሁለተኛው የሰው መሠረታዊ ሁኔታና ከመንግሥት ጋር ያለው ግንኙነት ነው፤ ልጅነት፣ ዜግነት፣ ነጻነት። ሕጉ ባለ ጉዳዩ ምንም ድሃ ቢሆን እነዚህ ነገሮች ለከፍተኛ ዳኛ ጆሮ የተገቡ ናቸው ማለቱ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሐሳብ ከ1934ቱ ጋር አነጻጽሩት፤ በር ከፋቹ የባለ ጉዳዩ ፓስፖርት መሆኑ ቀርቶ የነገሩ ባሕርይ ሆነ። ይህ እውነተኛ እርምጃ ነበር።

ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በ1908 እ.ኤ.አ. ከወጣው የሕንድ ሕግ ብዙ እንደወሰደ የሕግ ተማሪዎች ያውቃሉ። ሕንድ ውስጥ ግን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተራ የፍትሐ ብሔር ክስን በመጀመሪያ ደረጃ የመስማት ሥልጣኑ የታወቀው በተለይ በካልካታ፣ በቦምቤይና በማድራስ ነበር፤ ከቅኝ ግዛት ንግድ ጋር የተወለደ ልዩ ሁኔታ ነው። በፈረንሳይ ደግሞ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሥራው በመሠረቱ ይግባኝ መስማት ነው። የእኛ ሕግ ከፍተኛውን ፍርድ ቤት በአገሪቱ ሁሉ የመጀመሪያ ሰሚም የይግባኝ ሰሚም አደረገው። ለዚህ የውጭ ምንጭ ብቻ መፈለግ ያሳስታል ብዬ አምናለሁ፤ ትልቅ ነገር በቀጥታ ወደ ትልቁ ዳኛ ይሂድ የሚለው ስሜት ከዙፋን ችሎት ጀምሮ በእኛው ውስጥ ነበረ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ራሱ ለንጉሠ ነገሥቱ ችሎት የሚቀርብ አቤቱታን አስቀርቶ አልነበረም።

አሁን ይህን ቁጥር ይዘን ወደ አርሲ ነገሌ እንውረድ። ከተማይቱ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ውስጥ ነበረች። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዋና መቀመጫም አዲስ አበባ ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ይታይ የሚለው የሕጉ መርሕ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የመሬቱ ዋጋ ከ10,000 ብር በላይ ሲሆን ያ ፍርድ ቤት የሚያስችልበት ከተማ ከመሬቱ እጅግ ሊርቅ ይችላል።

ያን ጊዜ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ የትራክተር እርሻ እየተስፋፋ፣ የመሬት ዋጋ እየጨመረ፣ ጭሰኞች ከያዙት መሬት እየተነሡ ነበር። ሰፊ መሬት ያለው ባለ ርስት ከባለ ርስት ሲከራከር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሰማዋል። በዚያ መሬት ላይ የሚያርሰው ጭሰኛ ግን ባለቤትነት ስለሌለው በዚያ ችሎት የሚቆምበት መሠረት አልነበረውም። የሚያጣው ነገር ለእርሱ ሕይወቱ ሁሉ ነው፤ በሕጉ ሚዛን ሲለካ ግን ከ500 ብር በታች ሊሆን ይችላል። የክርክርን ክብደት በገንዘብ መለካት ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ ይሁንና ያለውን እንጂ የሚያጣውን አይለካም።

ቋንቋም አለ። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነበር። ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ገበሬ ቃሉን በአስተርጓሚ ይሰጣል፤ መዝገብ የሚገባው የአስተርጓሚው አማርኛ ነው። ይግባኝ ሰሚው ያንን ያነብባል። ቀደም ሲል ፍሬ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል ስላልኳችሁ፣ በዚያች አንዲት ጊዜ የባለ ጉዳዩ ቃል በራሱ ቋንቋ አለመመዝገቡ ምን ያህል ጉዳት እንደነበረው መገመት አያስቸግርም።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። የመሬት ክርክር ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ ወደ ገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ወረደ። ሰሚው ጎረቤት ሆነ፤ ቋንቋውም የጎረቤት ቋንቋ። ይህን ለውጥ እንደ ንጹሕ ድል ለማቅረብ አልፈልግም፤ ሸንጎዎቹ ከፖለቲካው ጫና ነጻ አልነበሩም። ሆኖም ትልቅ የሚባለው ንብረት ክርክር የግድ ከላይ መጀመር አለበት የሚለው እምነት በአዋጅ ሊለወጥ እንደሚችል አሳይተዋል።

ከ1987 ወዲህ፦ ሁለት ባርኔጣ ያለው ፍርድ ቤት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ለየ። በየክልሉ የፌዴራል ፍርድ ቤት ወዲያው መክፈት ስለማይቻል ግን ሥልጣኑን በውክልና ሰጠ። በአንቀጽ 80 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥልጣን በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይይዛል፤ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን። በ1995 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች እንዲቋቋም አዋጅ ሲወጣ ኦሮሚያ ከእነዚያ መካከል አልነበረችም። ስለዚህ በምዕራብ አርሲ ያለ የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሁለት ባርኔጣ ያጠልቃል፤ ጠዋት የወረዳን ፍርድ በይግባኝ ያርማል፤ ከሰዓት የፌዴራል ጉዳይን ራሱ ከሥሩ ይሰማል።

የንግግሬ መክፈቻ የነበረው ነጋዴ የገባው እዚህ ውስጥ ነው። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 በተለያዩ ክልሎች በቋሚነት በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሣን ክርክር፣ የውጭ አገር ዜጋ ተከራካሪ የሆነበትን ክስ፣ የኢንሹራንስ ውልንና የመሳሰለውን የፌዴራል ጉዳይ አደረገ። በዋናው መንገድ ላይ ለተተከለች፣ የየክልሉ መኪና ለሚያልፍባት እንደ አርሲ ነገሌ ላለች ከተማ ይህ ከወረቀት ያለፈ ነገር ነው። የ1934ቱ ባዕድ የሩቅ አገር ሰው ነበር፤ በዛሬው ሥርዓት ነገሩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚወስደው የጎረቤት ክልል ነዋሪም ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ለእንግዳው ሚዛናዊ ዳኛ ለመስጠት ታስቦ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን የአካባቢው ባለ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ቦታውም ራሱ ተንቀሳቅሷል። አርሲ ነገሌ አስቀድማ በምሥራቅ ሸዋ ዞን ነበረች፤ የዞኑ መቀመጫ አዳማ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ምዕራብ አርሲ ራሱን ችሎ ዞን ሲሆን መቀመጫው ሻሸመኔ ሆነ፤ ከአርሲ ነገሌ የአጭር ጊዜ መንገድ ነው። ለአስተዳደር የተደረገ የወሰን ለውጥ ለምስክሩ የአውቶቡስ ሒሳብ ነው። ምስክር ቀጠሮ በተለወጠ ቁጥር ሥራውን ጥሎ የሚመላለስ ሰው ነውና፣ የመንገዱ ማጠር ምስክሩ መጥቶ ይመስክር ወይስ ይቅር የሚለውን ይወስናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሆነ። የባለ ጉዳዩ የመጀመሪያ ቃል በራሱ ቋንቋ መዝገብ መግባቱ ከየትኛውም የሥልጣን ቁጥር ለውጥ ይበልጣል ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ያም ሆኖ የሐዋሳው ተከሳሽ በዚያ ችሎት አስተርጓሚ ሊያስፈልገው እንደሚችል መዘንጋት የለብንም፤ የትናንቱን ጉዳት የምናውቅ ሰዎች የዛሬውን እንግዳ ቃል በጥንቃቄ ማስተርጎም ይጠበቅብናል።

የቁጥሩ ነገር

በፌዴራል ደረጃ የ1988ቱ አዋጅ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ደረጃ የሚያየው ከ500,000 ብር በላይ የሆነውን ክስ ነው አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ይህን ወደ 10,000,000 ብር ከፍ አደረገው። የ1958ቱን 5,000 ብር ከዚህ ጋር ስታስተያዩ የፍርድ ቤቶቹ አደረጃጀት አንድ አለመሆኑን ልብ በሉ፤ ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው። በሠላሳ ዓመት መቶ እጥፍ፣ ቀጥሎ በሃያ አምስት ዓመት ሃያ እጥፍ።

ይህ ለምን ይሆናል? በሕግ የተጻፈ የገንዘብ ቁጥር ባለበት ይቆማል፤ የብር የመግዛት አቅም ግን ይወርዳል። ስለዚህ ሕጉ ሳይነካ በየዓመቱ ተጨማሪ ተራ ክርክር ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይፈስሳል። በ1958 ዓ.ም. 5,000 ብር የትልቅ ነጋዴ ክርክር ነበር፤ ከጊዜ በኋላ የተራ ብድር ሆነ። ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ ደረጃ ጉዳዮች ሲጨናነቅ ይግባኙ ይዘገያል። ከዚያ ሕግ አውጪው ነቅቶ ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ያዘልለዋል፤ ትናንት ለከፍተኛ ዳኛ ይገባል የተባለው ክርክር ዛሬ ለታችኛው ይሆናል። በዚህ መካከል የከሰሱ ሰዎች ዕጣቸውን የወሰነው የክሳቸው ክብደት ሳይሆን ማመልከቻ ያስገቡበት ዓመት ነው።

ደግሞም ቁጥሩን መጀመሪያ የሚጽፈው ከሳሹ ነው። የሥልጣን መለኪያው በክስ ማመልከቻው የተጠየቀው ገንዘብ ስለሆነ፣ በራፖር ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ የሚወሰን ብዙ ነገር አለ። ወደ ላይ መሄድ የፈለገ ካሣውን ያበዛል፤ ቅርብ መቆየት የፈለገ ይቀንሳል። ዳኝነት በገንዘቡ ልክ መከፈሉ የመጀመሪያውን ይገታዋል፤ ገንዘብ ያለውን ግን አይገታውም።

የ2013 ዓ.ም. ሌላ ነገርም አምጥቷል። ኦሮሚያ በዚያው ዓመት የባህላዊ ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቋመች። ቀደም ሲል በሁለት መሰላል የተለያዩት የሽማግሌውና የመንግሥቱ መስማት አሁን በሕግ ተያይዘዋል ማለት ነው። በአርሲ ምድር ይህ አዲስ ፍጥረት ሳይሆን ለነባር ነገር የተሰጠ ዕውቅና ነው። የታሪክ ተማሪዎች ሊከታተሉት የሚገባው ጥያቄ ግን አለ፤ ሽማግሌዎች የሰሙት ፍሬ ነገር በኋላ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሲሻገር በምን መልክ ይመዘገባል? ያ መዝገብ ካልተጠነቀቁለት የአስተርጓሚው ዘመን ስሕተት በሌላ መንገድ ይመለሳል።

ማጠቃለያ

እስካሁን ያልኩትን ልሰብስብ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት መጀመሪያ እንዲሰማ የተደረገው በ1934 ዓ.ም. ለባዕዱ ሲባል ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. ለትልቅ ንብረት፣ ለአዲሱ ንግድና ለሰው መሠረታዊ ሁኔታ፤ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ላይ የክልል ወሰን ተጨመረበት። ከእነዚህ ምክንያቶች በቀላሉ የምደግፈው አንዱን ነው፤ ልጅነቱን የተካደና በግፍ የተያዘ ሰው የኪሱ መጠን ሳይጠየቅ ልምድ ባለው ዳኛ ፊት ይቁም የሚለውን። ለሌሎቹ ምክንያት አላቸው፤ በየጊዜው መመርመር ግን አለባቸው።

ለሕግ አውጪዎች የምሰጠው ምክር የታሪክ ሰው ምክር ነው፤ ቁጥርን ብቻ አትቀይሩ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት መጀመሪያ ሲሰማ ምስክሩ ወዳለበት ቀርቦ ይስማ። ተዘዋዋሪ ችሎት ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ ከአንድ ወረዳ ለተነሡ የመጀመሪያ ደረጃ ጉዳዮች በተወሰኑ ቀናት በዚያው ወረዳ ማስቻል የምስክርን እንግልት ይቀንሳል፤ ዳኛውም የፈረሰውን ሱቅ በዓይኑ ያየዋል።

ለእናንተ ለተማሪዎቼ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። የሰበር ውሳኔዎች ታትመው ስለሚወጡ ሁላችንም እነርሱን እናነብባለን። በእነርሱ ውስጥ ሰዎቹ አመልካችና ተጠሪ ብቻ ናቸው። የሰዎቹን ኑሮ የምታገኙት በመጀመሪያው መዝገብ፣ በምስክሮቹ ቃል ነው። በየወረዳውና በየዞኑ መዝገብ ቤት አቧራ የለበሱት ፋይሎች የዚህች አገር ማኅበራዊ ታሪክ ናቸው፤ ሳይጠፉ ሂዱና አንብቧቸው። ስታነቡም መጀመሪያ የተያዘውን ጭብጥ ፈልጉ፤ ከዚያም ባለ ጉዳዩ ተናግሮት በጭብጡ ውስጥ ያልገባው ምን እንደሆነ ጠይቁ።